መተባበር ወንጀል በነበረበት ዘመን

አንባቢ ሆይ! አንድ ጫማ ሰፊ «በዚህ ዋጋ አልሰፋም» ብሎ ወስፌውን ቢያስቀምጥ ማን ይከሰዋል? ጉልበቱ የራሱ ነው። ዐሥር ጫማ ሰፊዎች ተማክረው ይህንኑ ቃል ባንድነት ቢናገሩስ? በአሜሪካ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ፍርድ ቤት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ «ወንጀል ነው» የሚል ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በፊላደልፊያ ነው። የከተማው ጫማ ሰፊዎች በ1794 ማኅበር አቋቁመው ነበር። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሱቅ የሌላቸው፥ ከባለሱቁ ቆዳ እየተቀበሉ የሚሰፉና በጥንድ እየታሰበ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ነበሩ። ባለሱቆቹ ግን ጫማውን ላዘዛቸው ደንበኛ ብቻ መሸጡን ትተው ወደ ሩቅ ከተማ በጅምላ መላክ ሲጀምሩ፥ ዕቃው እንዲረክስላቸው ሲሉ የሰፊውን ክፍያ ይቈነጥሩ ጀመር። በ1805 ሠራተኞቹ «የእጃችን ዋጋ ይጨመርልን» ብለው ሥራ አቆሙ። ባለሱቆቹም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ የማኅበሩ ስምንት መሪዎችም ተከሰሱ።

ክሱ የቆመው በጥንቱ የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ላይ ነበር። ይኸውም አንድ ሰው ለብቻው ቢያደርገው የማያስጠይቀውን ነገር ብዙዎች ተስማምተው ቢያደርጉት ሤራ ይሆናል የሚል ነው። በ1806 ተከሳሾቹ ጥፋተኞች ተባሉ፤ እያንዳንዳቸውም 8 ዶላርና የክሱን ኪሣራ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። መቀጫው ቀላል ይምሰል እንጂ ፍርዱ ቀላል አልነበረም፤ የኒውዮርክና የፒትስበርግ ጫማ ሰፊዎችም በየተራቸው በዚያው ዓይነት ክስ ተይዘው ቆሙ።

ሆኖም ማኅበሮቹ አልጠፉም። በ1827 በዚያችው በፊላደልፊያ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሠራተኞች ማኅበሮቻቸውን ባንድ ላይ አስተባበሩ፤ በ1835 ደግሞ ከወደብ የድንጋይ ከሰል ተሸካሚዎች የተነሣው የሥራ ማቆም ከተማዋን አዳርሶ የቀኑ ሥራ 10 ሰዓት እንዲሆን አስደረገ። በ1837 ንግድ ሲወድቅና ሥራ ሲጠፋ ግን አብዛኞቹ ማኅበሮች ፈረሱ።

አሁን ወደ ቦስተን እንሂድ፤ የሚያከራክረው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ጄሬማያ ሆርን የሚባል ቡት ጫማ ሰፊ ያለ ክፍያ ትርፍ ሥራ ሠርቶ ስለ ተገኘ ማኅበሩ መቀጫ ጣለበት። እሱም «አልከፍልም» አለ። ማኅበሩ ከአባልነት አስወጣው፤ አባሎቹም ለአሠሪው «ሆርን ካለ እኛ አንሠራም» ብለው አስታወቁ፤ አሠሪውም ሆርንን አሰናበተው። ሆርን አቤት አለ፤ በ1840 የማኅበሩ ሰባት መሪዎች ተከሰው ተፈረደባቸው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ባወራሁ ቁጥር ግማሾቹ ለሆርን ይፈርዳሉ፤ እኔም እውነት የላቸውም አልልም። ከማኅበር ተጣልቶ እንጀራን ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንዱ በነጻ ከሠራ ለሌላው ማን ይከፍላል?

ጠበቃቸው ሮበርት ራንቱል ይግባኝ ብሎ ጉዳዩን ወደ ማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው። ዋናው ዳኛ ሌሙኤል ሾው በ1842 በሰጠው ፍርድ ያነሣው ምሳሌ ደስ ይላል። ባንዲት ትንሽ መንደር አንድ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ አለ እንበል፤ ጎረቤቶቹ ዋጋው በዛ ብለው ቢመክሩና «ካልቀነስህ ሌላ ጋጋሪ እናመጣለን» ቢሉት ትርፉ ይጐዳል፤ ሆኖም ማንም ወንጀለኛ አይላቸውም። ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው አለ ዳኛው፤ ዓላማቸውና የሚሄዱበት መንገድ ሕጋዊ እስከ ሆነ ድረስ መተባበራቸው ብቻውን አያስከስስም። የሰባቱ ፍርድ ተሻረ።

ይህ ፍርድ የሚያስገድደው ማሳቹሴትስን ብቻ ስለ ነበር በሌሎች ግዛቶች ክሱ አልቀረም። የሆነ ሆኖ የሌሎች ግዛቶች ዳኞችም እየጠቀሱት ሄዱ።

ጫማ ሰፊዎቹ ከዚያ በኋላ የገጠማቸው ሌላ ነበር። የጫማውን ሶል የሚሰፋ መኪና በ1858 ተፈለሰፈ፤ የሱቁም ሥራ ወደ ፋብሪካ ገባ። በ1867 ሚልዋኪ ላይ በጫማ ሰፊዎች ጠባቂ በቅዱስ ክሪስፒን ስም አዲስ ማኅበር ተቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታትም ከአሜሪካ ታላላቅ የሠራተኛ ማኅበሮች አንዱ ሆነ። ሙያውን ያልተማረ ሰው በመኪናው ላይ እንዳይቀመጥ ብዙ ታገለ። 1870ዎቹ ዓመታት ሳያልቁ ግን ማኅበሩ ፈረሰ።