ጠፍሩን ማን አጠበቀው?

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጃን ሜዳ ላይ ፈረሰኞች አይታ "እኔም ልጋልብ" እያለች ስትነዘንዘኝ ሰነበተች፤ አምና ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወዳለ መጋለቢያ ይዣት ሄድኩ። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ አንድ ዳማ ፈረስ ስቦ መጣ። ብድግ አድርጎ ኮርቻው ላይ አስቀመጣትና "ዛቡን እንዳትለቂ" አላት። ትምህርቱ በዚህ አበቃ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር ኮርቻው ቀስ እያለ ወደ ግራ መዞር ያዘ፤ ልጅቷም አብራ ዞረች። እኔ ጮህኩ። አጥሩ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልጮኹም፣ አልሮጡምም። ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው በረጅሙ "ሆ… ሆ…" እያሉ ወደ ፈረሱ ሄዱ። ፈረሱ ቆመ። ልጅቷን በብብቷ ይዘው አወረዷትና ወጣቱን ጠሩት። ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ "እጅህን እዚህ አስገባ" አሉት፣ በፈረሱ ሆድና በኮርቻው ጠፍር መካከል። ሙሉ ጭብጡ ገባ።

"ሁለት ጣት ብቻ ነው መግባት ያለበት" አሉት። "ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል። ጥቂት አራምደህ ደግመህ ካላጠበቅከው፣ ያጠበቅከው ጠፍሩን አይደለም፣ ትንፋሹን ነው።"

ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ።

የመጋለቢያውን ባለቤት ልጆች የሚያስተምረው ሰው ምን ማስረጃ እንዳለው ጠየቅኩት። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ አሳየኝ። የታደሰ ነው፣ ግብሩም ተከፍሏል። ያ ወረቀት ግን ስለ ድርጅቱ እንጂ ፈረሱን ስለሚስበው ልጅ የሚለው ነገር የለም። ልጁን ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው "እያየሁ ነው የለመድኩት" አለኝ። የሚከፈለው በዙር ነው። ፈረሱን አራምዶ ጠፍሩን ደግሞ የሚያጠብቅበት ደቂቃ ከኪሱ ትወጣለች። በእሱ ላይ ልፈርድ አልቻልኩም።

ሽማግሌውን መንደርተኛው ሁሉ "ጋሽ ባልደራስ" ነው የሚላቸው። ባልደራስ በድሮው ሥርዓት የንጉሥ ፈረሶች ሹም ነበር፤ ዛሬ ስሙን የያዘው ሲግናል አካባቢ ያለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። የእሳቸው አባት ሹም አልነበሩም፤ የቤተ መንግሥት ፈረስ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ልጅየው ከድርቆሽና ከፋንድያ መካከል አደጉ። ቅዳሜና እሁድ መጋለቢያው ይመጣሉ፣ የሚያያቸው ልጅ ካለ ያስተምራሉ፤ ወላጅ ከሰጣቸው ይቀበላሉ።

ስለ ፈረስ ያለን ኩራት ትንሽ አይደለም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ ያልናቸው በፈረሳቸው ስም ነው። በአገሪቱ ዛሬም ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ። ግልቢያ ግን ልጅ ከአባቱ፣ እረኛ ከጓደኛው የሚወርሰው ነገር ስለነበር አስተማሪ የሚባል ሰው አላስፈለገውም። የአገራችን ፈረሰኛ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ነው። ይህን የለመደ ሰው በጫማ በሚረገጠው የአውሮፓ እርካብ ላይ የከተማ ልጅ ሲያስቀምጥ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሾልኮ እንዳይገባ መጠንቀቅ እንዳለበት ነጋሪ ይፈልጋል። እግሯ እዚያ ተሰንቅሮ ከወደቀች ፈረሱ ይጎትታታል።

"እኔ ጋላቢ ነበርኩ" አሉኝ ጋሽ ባልደራስ። "አስተማሪ የሆንኩት ስንት ልጅ ከወደቀብኝ በኋላ ነው። ጋላቢ የራሱን ፍርሃት ያውቃል፤ አስተማሪ የሌላውን ፍርሃት ማወቅ አለበት።"

ሌሎች አገሮች ይህን ልዩነት በየመንገዳቸው ወደ ሕግ ለውጠውታል። በጣም ያጠበቀችው ፈረንሳይ ትመስለኛለች፤ እዚያ ዕውቅና ያለው ዲፕሎማ ሳይይዝ በክፍያ ግልቢያ የሚያስተምር ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 15 ሺህ ዩሮ መቀጮ ይጠብቀዋል። ጀርመን አሠልጣኞቿን ሲ፣ ቢ እና ኤ ብላ በደረጃ ታወጣለች። በአሜሪካ አብዛኛው ግዛት ጉዳዩን ለገበያው ሲተወው፣ ማሳቹሴትስ ግን የግልቢያ አስተማሪው ራሱ ከግዛቱ ፈቃድ እንዲያወጣ ታስገድዳለች። ከሁሉም የገረመችኝ እንግሊዝ ናት። በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ብሪቲሽ ሆርስ ሶሳይቲ አስተማሪዎችን በደረጃ ይፈትናል፤ ፈተናው በብዙ አገር ይከበራል። የግልቢያ ትምህርት ቤትም ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ነገር ግን አንድ ሰው ያለ ምንም ፈተና ተነሥቶ "አስተማሪ ነኝ" ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም። ያችን ግድግዳ ላይ ያየኋትን ንግድ ፈቃድ አስታወሰኝ።

ይህን ለጋሽ ባልደራስ ሳጫውታቸው ፊታቸው ጠቆረ። "ወረቀቱ የመጣ ዕለት መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ" አሉ። "ዳዊት ደግሜ አድጌያለሁ፤ በእንግሊዝኛ ግን አልፈተንም።"

ፍርሃታቸው እውነት አለው። ወረቀት ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የፈረስ ስፖርት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ በፈረስ ውድድር መሳተፍ የሚችሉት የጦር መኮንኖች ብቻ ነበሩ። ስዊድን በድረሳዥ፣ ማለትም ፈረስን በስልት በማስኬድ ውድድር፣ በቡድን ወርቅ አገኘች። ከቡድኑ አንዱ የነበረው ጌናል ፐርሶን ግን የበታች ሹም ነበር፤ የመኮንን ማዕረግ የተሰጠው ለውድድሩ ሲባል ነው። ነገሩ ሲታወቅ በተከታዩ ዓመት ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የቡድኑን ሜዳሊያ ነጠቀ። ስለ አጋላለቡ አንድም ጥያቄ አልተነሣም። ከለንደኑ ኦሊምፒክ አራት ዓመት በኋላ ሄልሲንኪ ላይ በሩ ለበታች ሹም፣ ለሲቪልና ለሴት ሲከፈት፣ ያው ፐርሶን ከቡድኑ ጋር ተመልሶ ወርቁን ወሰደ። ሕጉ የመዘነው ትከሻው ላይ ያለውን ምልክት እንጂ ኮርቻው ላይ ያለውን ሰው አልነበረም።

እኛ ይህን ስህተት ላለመድገም የሚያስችል መንገድ አለን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የሚጠይቀው ሰው ሙያውን የት ተማረው ብሎ ሳይሆን ምን ሠርቶ ማሳየት ይችላል ብሎ ነው። ግንበኛው፣ ምግብ አብሳዩ በልምድ ያገኘውን ሙያ በተግባር እያሳየ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ የሚወስደው በዚህ ነው። ለግልቢያ አስተማሪስ እንዲህ ያለ የሙያ ደረጃ ተዘጋጅቷል ወይ? ጥያቄውን ይዤ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንድ ኃላፊ በትሕትና ተቀበሉኝ፣ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ። በሳምንቱ "ይህ የስፖርት ጉዳይ ነው" አሉኝ። የስፖርቱ ክፍል ወደ ቱሪዝም መራኝ። ወደ መጀመሪያው ኃላፊ ተመልሼ "አለ ወይስ የለም? ይህን ብቻ ይንገሩኝ" ብላቸው ስልካቸውን አንሥተው ስብሰባ እንዳለባቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሡልኝም።

ፈረስን በሥርዓት መያዝ ለእኛ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ዝምታቸውን በተረዳሁ ነበር። ግን እንጅባራን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። በዚያ አካባቢ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የዓድዋ ድልን፣ እዚያ የዋሉትን አርበኞችና የሞቱትን ፈረሶች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። አባላቱ ዛሬ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ በአባላቱ መካከል ጠብ ሲነሣም የሚዳኙ ሽማግሌዎች አሉት። አንድ የገበሬ ማኅበር ከሰማንያ ዓመት በላይ በራሱ ደንብ ከዘለቀ፣ በዋና ከተማ ዙሪያ የሰው ልጅ ፈረስ ላይ አውጥቶ ገንዘብ የሚቀበልን ሰው መፈተን እንዴት ያቅታል?

ፈተና ያለመኖሩን መዘዝ በሁለት መስመር ልጻፈው። አንዲት እናት የልጃቸው የትከሻ አጥንት እንደተሰበረ፣ መጋለቢያው "ልጁ ነው ዛቡን የለቀቀው" ብሎ እንደሸኛቸው፣ ሕክምናውንም ራሳቸው እንደከፈሉ ነግረውኛል። አስተማሪው ምን ማወቅ እንዳለበት የሚናገር ደረጃ በእጃቸው ስላልነበረ ጥፋቱን የሚያስረዱበት መለኪያ አጡ።

ፈተናው ምን ይሁን ብዬ ጋሽ ባልደራስን ጠይቄያቸው ነበር። ወደ ሜዳው ወሰዱኝ። "አምስት ፈረስ አቁምና አንድ የፈራ ልጅ አምጣ። የትኛውን እንደሚመርጥለት እይ። የፈረሱን ጆሮ አይቶ ነው የመረጠው ወይስ ቁመናውን? ሰኮናውን አንሥቶ አይቷል? ጠፍሩን ስንት ጊዜ ነካው? ለልጁ ሄልሜት አደረገለት? ልጁ ሲወድቅ መጀመሪያ ወደ ማን ሮጠ፣ ወደ ልጁ ወይስ ወደ ፈረሱ?" ትንሽ ዝም ብለው "ይህን ሁሉ ያለ እስክሪብቶ መፈተን ይቻላል" አሉ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ፈተናው ይኑር፣ ግዴታም ይሁን፤ ሜዳ ላይ፣ ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ ይሰጥ፤ ከመዛኞቹም መካከል ፈረስ ቤት ያደጉ ሰዎች ይኑሩበት። ያ ወጣትም በዙር ከመከፈሉ በፊት ከእንዲህ ያለ ሰው ሥር ይማር። የሙያ ደረጃ የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ጋሽ ባልደራስ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው አጥር ሥር አሉ። መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ።