ቡሄ ካለፈ በኋላ የሚሞላው ውኃ፦ በደቡብ ጎንደር ስለ ጀልባ ጉዞና ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታቸው

ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ ጣናን ከሚመግቡት ታላላቅ የውኃ ማማዎች አንዱ ሲሆን፣ ከእርሱና ከአካባቢው ደጋ የሚነሡት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደውና የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኘው ሐይቅ ይቀላቀላሉ። በደጋው ወንዝ የሚሻገረው መንገደኛ፣ በደራ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ዳርቻ መረቡን የሚጥለው አጥማጅ፣ በሰንበት መንጠቆውን ይዞ ለመዝናናት የሚወርደው የከተማ ሰውም ሁሉም የሚውሉት በአንድ ውኃ ላይ ነው። ስለዚህ ውኃ ከሚነገሩት እምነቶች አብዛኞቹ ፍጹም መሠረት የሌላቸው አይደሉም፤ የሚሳሳቱት ውኃውን ሰው በቆመበት ቦታና ባየበት ሰዓት ብቻ ስለሚመዝኑት ነው፤ ውኃው ግን የላይኛውን አገር ዝናብና የትናንቱን ቀን ይዞ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ምሳሌ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው አባባል ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ፣ ማለትም የደብረ ታቦር በዓል፣ ሲያልፍ ሰማዩ መገለጥ እንደሚጀምር የሚናገረው ይህ አባባል ለገበሬው ስለ ሰማይ የሚነግረው ቁም ነገር ቢኖረውም፣ ወንዝና ሐይቅ ላይ ለሚውል ሰው ግን አደገኛ መመሪያ ነው። በሐምሌ ወር ዝናብ የጠገበ መሬት የነሐሴን ዝናብ ወደ ውስጥ መምጠጥ ስለማይችል ውኃው በገጸ ምድር እየተንደረደረ ወደ ወንዝ ይገባል፤ በዚህም የተነሣ ርብና ጉማራ በብዛት የሚሞሉት ልክ በነሐሴ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱ ወንዞች ከአፋቸው ወጥተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ ያጥለቀለቁበት ጎርፍ የቅርብ ጊዜ ማስረጃ ነው። ሐይቁ ደግሞ ከወንዞቹም ዘግይቶ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርስና ከዚያ እየሸሸ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። የአካባቢው ገበሬ ሐይቁ ሲሸሽ የሚያርሰውን መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ በበጋ የታጠረውና የታረሰው ይህ መሬት ውኃው ሲመለስ ከነአጥር እንጨቱና ከነጉቶው ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ድፍርስ ውኃ ሥር ስለሚሰወር፣ በአዲስ ዓመት ማግሥት በሞተር ጀልባ ወደ ዳር የሚጠጋ ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጥልቀቱን በዘንግ እየለካ መቅረብ ይገባዋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተስፋፋው የእምቦጭ አረምም በዚሁ ወቅት በነፋስ እየተገፋ መተላለፊያ ይዘጋል። የሞተሩ ተሽከርካሪ መቅዘፊያ በአረሙ ሲተበተብ አረሙን በእጅ ለማላቀቅ ከመሞከር በፊት ሞተሩን ፈጽሞ ማጥፋት ግድ ነው።

በደጋው ወንዞች ዘንድ የሚነገረው ሌላው እምነት «ይህ ውኃ ሰው ይበላል» የሚለው ነው። በየፏፏቴው ሥር ባለው ጥልቅ ኩሬ ጋኔን እንዳለና በየዓመቱ የራሱን ድርሻ እንደሚወስድ ይነገራል። እምነቱ ልጆችን ከኩሬው ያርቅ እንደሆነ ጥቅም አለው ሊባል ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ሞቱን የማይቀር ዕጣ አድርጎ በማቅረብ መንሥኤው እንዳይመረመር ማድረጉ ነው። መንሥኤው ሁለት ነው። አንደኛው ከፏፏቴና ከጠለፋ ግድብ ሥር የሚፈጠረው አዙሪት ሲሆን፣ ከላይ የሚወርደው ውኃ ወደ ታች ጠልቆ በገጽ በኩል ወደ ፏፏቴው መልሶ ስለሚስብ ዋናተኛውን ደጋግሞ ያሰጥመዋል፤ በአረፋ የተሞላው ውኃም አየር ስለሚበዛበት አካልን የመሸከም ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛው ደራሽ ውኃ ነው። ፎገራ ላይ ፀሐይ እየወጣች ጉና ላይ ብርቱ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል፣ ጎርፉ ደመና ከማይታይበት ሰማይ ሥር በድንገት ይደርሳል። ቀድመው የሚታዩት ምልክቶች የውኃው መደፍረስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣቱና ከላይ በኩል የሚሰማ ጉምጉምታ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ዓሣ አጥማጁ ዕቃውን ሳይሰበስብ ወደ ከፍታ መውጣት አለበት። የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያሳድረው ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ትናንት ከጉልበት በታች የነበረውንና በቀላሉ የተሻገሩትን ወንዝ ዛሬ በዚያው ጥልቀት በእግር መድፈር የተለየ ነገር ነው።

ሐይቁ ላይ ሲደረስ ዋናው ስሕተት ጠዋት የታየውን ጸጥታ ለቀኑ ሁሉ መውሰድ ነው። የብሱ በፀሐይ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሆኖ ሳለ ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ይሁን እንጂ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ በነፋስ ሲመታ የሚያነሣው ማዕበል አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ስለሚሆን ለአነስተኛ ጀልባ ከረጅሙ የባሕር ማዕበል ይልቅ ያስቸግራል። ወደ ጣና ቂርቆስ ደሴት ወይም ከቆራጣ ወደ ሌላው ዳርቻ የሚጓዝ ሰው በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለሱ የጠንቃቃ ሰው ልማድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መብረቅን በተመለከተም ዝናቡ እስኪደርስ ድረስ አደጋ የለም የሚለው ግምት ስሕተት ነው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ውስጥ መሆን ማለት ነውና፣ በተንጣለለው ውኃ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው የአጥማጁ ራስና የያዘው ዘንግ ነው።

«ታንኳ አይሰጥምም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከደንገል ግንድ ታስሮ የሚሠራውና የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆኑት ወይጦዎች ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ጥበብ የሚያዘጋጁት ይህ ጀልባ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከቆራጣ ወደ ዘጌ መልእክተኞችን ያሻገረ ነባር መጓጓዣ ነው። የደንገል ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ መሰል አካል በመሆኑ ታንኳ ቢገለበጥም ተንሳፍፎ ይቀራል። ነገር ግን ያው አካል ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባለሙያዎቹ ከሥራ በኋላ ከውኃ አውጥተው አቁመው ያንጠፈጥፉታል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ስለሆነም እውነተኛው ጥያቄ ታንኳው ይሰጥማል ወይ ሳይሆን ምን ያህል ሰንብቷል፣ ምን ያህልስ ደርቋል የሚለው ነው፤ በሁለት ወገን እኩል ያልተጫነና ከውኃው ገጽ ጋር ሊስተካከል የደረሰ ታንኳ በትንሽ ማዕበል ይገለበጣል። ሲገለበጥ ደግሞ ዳርቻው ቅርብ መስሎ ስለሚታይ ዋና ጀምሮ መሄድ የብዙዎች የመጨረሻ ስሕተት ነው። ተንሳፋፊውን ታንኳ ይዞ መቆየት የተሻለ ነው፤ ለሩቅ ፈላጊም ከአንድ ሰው ራስ ይልቅ ታንኳው ጎልቶ ይታያል።

ዋና የሚችል ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አያስፈልገውም የሚለውም ከዚሁ በዋና ከመተማመን የሚመዘዝ ነው። ጃኬቱ የሚያገለግለው ዋና ለማይችል ሰው ብቻ አይደለም፤ ራሱን ለሳተ፣ በጀልባው ጠርዝ ለተመታ፣ ጡንቻው ለተኮማተረ፣ በልብሱ ክብደት ለተጎተተ ዋናተኛም ጭምር ነው። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ ለብ ያለ የሚመስለው የጣና ውኃ እንኳ በሰዓታት ውስጥ ያደክማል። ጃኬቱም ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ሳይሆን የተለበሰና የታሰረ መሆን አለበት። በደጋ የሚታመነው «ለብርድ አንድ መለኪያ አረቄ» የሚለው መድኃኒት ደግሞ በውኃ ላይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች በማስፋት የሙቀት ስሜት ቢሰጥም የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፣ ሚዛንንና ውሳኔንም ያዛባል።

ከሁሉ በላይ ሊታረም የሚገባው የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል የሚለው እምነት ነው። አየር ለመሳብ የሚታገል ሰው ለመጮኽ የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም፤ እጆቹ ራሱን ወደ ላይ ለመግፋት ያለ ፈቃዱ ውኃውን በጎንና በጎን ይጫናሉ፣ አፉ ከውኃው ገጽ ጋር ይስተካከላል፣ ራሱ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ከዚያም በደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይሰወራል። ከዳር ቆሞ የሚያየው ቤተሰብ ልጁ እየተጫወተ ነው ብሎ የሚያስበው በዚህ ጊዜ ነው። ሊያድን የሚፈልግ ሰውም ዘሎ ከመግባት በፊት ዘንግ ማቀበል፣ የተጠመዘዘ ጋቢ መዘርጋት፣ ወይም በገመድ የታሰረ የተከደነ ባዶ ጀሪካን መወርወር ይኖርበታል፤ በፍርሃት የተያዘ ሰው የቀረበውን ሁሉ ይጨብጣልና ሁለት ሰው የሚሞትበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። የወጣውን ሰው በእግሩ ዘቅዝቆ ወይም ሆዱን ተጭኖ «ውኃውን ማስወጣት» የሚለው ልማድም መተው አለበት፤ ይህ ጊዜ ያባክናል፣ ማስታወክን አስከትሎ በጨጓራው ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል። የሚያስፈልገው አየር ነው፦ ትንፋሽ ከሌለው በቅድሚያ ከሁለት እስከ አምስት ጊዜ በአፍ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ የደረቱን መሀል 30 ጊዜ መጫንና 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠትን ሳያቋርጡ ማፈራረቅ። ነፍሱን ያወቀውም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሳይሄድ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

ጉማሬ ሣር በሊታ ስለሆነ ሰው አይነካም የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ሰውን የሚያጠቃው ለመብላት ሳይሆን ብዙ ጊዜ መንገዱ ስለተዘጋበት ነው። ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ስለሚሮጥ፣ ጀልባ በእርሱና በጥልቁ ውኃ መካከል መግባት የለበትም።

ስለ ዓሣው ራሱ የሚነገረው ትልቁ ተረት «የጣና ዓሣ አያልቅም» የሚለው ነው። በጣና 15 የሚሆኑ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ላቤዮባርበስ ጥርስ በአፉ ሳይሆን በጉሮሮው ያለው የካርፕ ዘመድ ማለት ነው። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት በጉማራ፣ በርብና በሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ንጹሕና ፈጣን ውኃ በሚያጥበው ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዝ አፍ ላይ በክረምት የሚታየው ብዛት ስለዚህ የሐይቁ ጸጋ ማሳያ ሳይሆን ከሰፊው ሐይቅ ለመራባት የተሰበሰበው ወላጅ ሁሉ በአንድ በር ሲያልፍ መታየቱ ነው፤ በዚያ በር ላይ መረብ መዘርጋት የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ አስቀድሞ መብላት ነው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ፣ በ1991 እና በ2001 መካከል የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ተመዝግቧል። ጥፋቱን ሁሉ በአጥማጁ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ከወንዙ አሸዋና ጠጠር የሚያወጣው፣ በፓምፕ ውኃ የሚስበው፣ ግድብ የሚሠራውም በዚያው የመራቢያ መንገድ ላይ ነው።

«ብርብራ ዓሣውን ያሰክረዋል እንጂ አይገድለውም» የሚለው እምነት ግን በቀጥታ የአጥማጁ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ውኃ ሲጣል ሮተኖን የተባለው መርዝ በስንጥብ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባና ሕዋሶቹ በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ዓሣው እንደ ሰካራም ወደ ገጽ የሚንሳፈፈው ስለሚታፈን ነው። የታፈነው ትልቁ ዓሣ ሲሰበሰብ ለዓይን የማይሞላው ጫጩትና ዓሦች የሚመገቧቸው ነፍሳት ግን ማንም ሳያያቸው አብረው ያልቃሉ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በመንጠቆ ለሚዝናናው ሰው ደግሞ ጣና ላይ መንጠቆ የሚይዘው አምባዛ ብቻ ነው የሚለው ግምት ብዙ ያስቀርበታል፤ ከ15ቱ ላቤዮባርበሶች ስምንቱ፣ ለካርፕ ወገን እንግዳ በሆነ መንገድ፣ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ በመሆናቸው የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ማታለያ ያሳድዳሉ። የያዘውን ለመልቀቅ የሚፈልግ ሰው ዓሣውን በደረቅ እጅ ወይም በጨርቅ ከያዘው ከበሽታ የሚከላከልለትን ዝልግልግ ልባስ ይገፍበታል፤ እጅን ማራስ፣ የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ እሾህ አስቀድሞ በፒንሳ መጫን፣ ዓሣውንም በተቻለ መጠን ከውኃው ሳያወጡ መፍታት ያስፈልጋል። አምባዛን በተመለከተ ቅርፊት ስለሌለው አለመብላት የሃይማኖት ሥርዓት ነውና እዚህ የሚታረም ነገር የለውም፤ ሥጋው መርዛም ነው የሚለው ግን እውነት አይደለም። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ በጀልባው ወለል ላይ ጸጥ ያለ አምባዛ ሞቷል ተብሎ በባዶ እግር ሲረገጥ በደረቱ ክንፍ ያለው ጠንካራ እሾህ የሚወጋው በዚህ የተነሣ ነው፣ ቁስሉም ወዲያው በንጹሕ ውኃና በሳሙና ሊታጠብ ይገባዋል።