ዓሣ መብላት በብልሃት፣ መግዛት በዓይንና በአፍንጫ

ሁዳዴ ሲገባ ብዙ ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የዓሣ ገበያ ግን ይደራል። በ55ቱ የጾም ቀናት የአዲስ አበባ የዓሣ ዋጋ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፋሲካ በኋላ ገበያተኛው ወደ በግና ዶሮ ሲዞር ቁልቁል ይወርዳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የንስሐ አባቶች ጉዳይ ነው። የነጋዴው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ደንበኛው ጾሙን ሲፈታ ዓሣውንም አብሮ የሚተወው ለምንድን ነው?

በዓለም ላይ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት 20 ኪሎ ግራም ያህል ዓሣ ይበላል። የኢትዮጵያዊው ድርሻ ግን ከአንድ ኪሎ ግራም በታች ነው። ብዙ የከተማ ሰው «ዓሣ አልወድም፣ ይሸተኛል» ይላል። ይሁን እንጂ ትኩስ ዓሣ ያን ያህል አይሸትም። የሚሸተው የሰነበተ ዓሣ ነው። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከምላሱ ይልቅ ከሐይቅ እስከ ከተማ ባለው መንገድ ላይ ነው።

የት ምን ይገኛል?

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ሽሪምፕና የባሕር ዓሣ የሚፈልግ ሰው ከውጭ በርዶ የመጣውን ከትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና ሆቴሎች ያገኛል፤ የጉዞውንና የውጭ ምንዛሪውን ዋጋም አብሮ ይከፍላል። ጥሩ ዓሣ በተመጣጣኝ ዋጋ ለሚሻ ግን መፍትሔው ሐይቆቻችን ናቸው።

ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆነው 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ዝዋይ (ባቱ) ሲሆን፣ በቆሮሶ ይታወቃል። ሐዋሳም የቆሮሶ አገር ናት። በሐይቁ ዳር በሚገኘው አሞራ ገደል ጠዋት ከጀልባ የወረደውን ዓሣ እዚያው አስጠብሶ መብላት ይቻላል። ትልቁ ናይል ፐርች የሚመጣው ከአርባ ምንጭ፣ ከጫሞና ከዓባያ ሐይቆች ነው። ጣና ደግሞ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይሰጣል።

ቅርበት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በቆላ ሙቀት ያለ በረዶ የዋለ ዓሣ ቀኑን ሳይጨርስ ይበላሻል። እንደተያዘ በበረዶ የተቀበረ ቆሮሶ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም በበረዶ የመጣ የአርባ ምንጭ ዓሣ በጆንያ ተሸፍኖ ከደረሰ የዝዋይ ዓሣ ይበልጣል። ሻጩን «ከየት ነው?» ከማለት በፊት «በምን መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ሲገዙ

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረት ለገበያም ይሠራል። ምርመራው ከጭንቅላቱ ይጀምር። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ገለጥ ሲደረግ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ የጠቆረ ከሆነ ማለፍ ነው። ሥጋው በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ተመልሶ መሙላት አለበት።

ፊሌቶ ለሚገዛ ሒሳቡ ይህ ነው። ከአንድ ሙሉ ቆሮሶ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው የክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ ሙሉው ዓሣ በኪሎ 100 ብር ቢሆን፣ የአንድ ኪሎ ፊሌቶ ጥሬ ዕቃ ብቻውን 300 ብር ገደማ ይፈጃል። ከዚህ በጣም ወርዶ የሚቀርብ «የቆሮሶ ፊሌቶ» ካለ ወይ የሰነበተ ነው ወይ ሌላ ዓሣ ነው። ብዙ ምእመናን ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት አምባዛ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ በቀላሉ አይለይም። ለዚህ የሚጠነቀቅ ሰው ዓሣውን ሙሉውን ገዝቶ እዚያው ዓይኑ እያየ ያስበልት።

ምላስን ማስለመድ

ጀማሪ በናይል ፐርች ቢጀምር ይሻላል። ሥጋው ጠንከር ያለ፣ ፊሌቶው ከጥቃቅን አጥንት የጸዳ በመሆኑ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲጠበስ ጥብስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቀጥሎ ጎኑ ተሰነጣጥቆ በዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ በአዋዜ ወይም በዳጣ ይሞከር። ሾርባና ዱለት በኋላ ይደርሳሉ። የሐይቅ ዓሣ አንዳንዴ የሚያመጣውን የጭቃ ጠረን ሎሚ ይቀንሰዋል። ጥሬውን መብላት ግን አይመከርም፤ የሐይቅ ዓሣ ለሰው የሚተላለፍ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል።

ለባለሀብት

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚያመለክተው በገበያው የጎደለው በረዶ መሆኑን ነው። በሐይቅ ዳር በረዶ የሚያመርት፣ በማቀዝቀዣ መኪና የሚያጓጉዝ ነጋዴ የሚሸጠው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ እምነትም ይሸጣል። ይሁን እንጂ ሐይቁም ልክ አለው። በጫሞ የናይል ፐርች ምርት ክፉኛ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ጫጩቱን ማውጣቱን አላቆመም። ጫጩት ዓሣ በርካሽ የሚገዛ ነጋዴ የነገ ሸቀጡን ዛሬ ይጨርሳል።

ዋጋው የሚረግበው ከፋሲካ በኋላ ነው። ዓሣ መልመድ የሚሻ ሸማች ያን ጊዜ ይጀምር። ነጋዴውም ትኩሱን ማቅረብ ያለበት ያን ጊዜ ነው፤ በጾም የመጣ ደንበኛ በፋሲካ ይሄዳል፣ በፍስክ ቀን ወዶ የበላ ግን ዓመቱን ሙሉ ይመለሳል።