ዝናቡ ቀድሞ ቢያቋርጥስ? የነሐሴ መጨረሻ ትንበያና የመቐለ ዙሪያ ማሳ

በነሐሴ አጋማሽ የአሸንዳ ከበሮ በመቐለ አደባባዮች ሲደምቅ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በእንደርታና በሕንጣሎ ማሳዎች የዓመቱ ምርት ዕጣ ገና አልለየም። ቀድሞ የተዘራው ገብስና ሐንፈጽ፣ ማለትም በአንድ ማሳ ተቀላቅሎ የተዘራው ገብስና ስንዴ፣ ፍሬ እየቋጠረ ነው። በሐምሌ የተዘራው ጤፍ ግን ገና በማደግ ላይ ነው፤ አበባውም ፍሬውም ከፊቱ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት የአየር ጠባይ ትንበያ በአካባቢው እንደ ሌላው ጊዜ ተሰምቶ የሚታለፍ ዜና የማይሆነው ለዚህ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው የክረምቱ አጭርነት ነው። ዝናብ አምጪው የአየር ክፍል በክረምት ከደቡብ ምዕራብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ትግራይ ላይ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲመለስም ቀድሞ የሚለቀው ሰሜን ምሥራቁን ነው። በጎጃምና በወለጋ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ሊቆይ ሲችል፣ በመቐለና አካባቢዋ ግን በዓመት ከሚገኘው 600 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እዚህ አንድ ደረቅ ሳምንት ከጠቅላላው ወቅት ትልቅ ድርሻ ይወስዳል።

የትግራይ አርሶ አደር ይህን በቅርቡ አይቶታል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ፣ ከገባም በኋላ ተቆራርጦ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የፈለገው ሕዝብ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የኤልኒኖን መከሰት በድጋሚ ይፋ ያደረገው ሰኔ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያ ክረምት ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ከጦርነት የወጣው አርሶ አደር በሬም ዘርም አጥሮት ያረሰው ማሳ በብዙ ወረዳዎች ዝናቡ ስለከዳው ሳያፈራ ቀርቷል። ቡቃያው ጥሩ ነበር፤ የጎደለው የመጨረሻው ዝናብ ነው።

ለዚህም ነው የወቅቱ ጥቅል ትንበያ ብቻውን የማይበቃው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ዝናብ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ብሎ በዕድል ይተነብያል። ቃላቱ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማሉ። «መደበኛ» ማለት «በቂ» ማለት አይደለም፤ የዚያው ቦታ የብዙ ዓመታት አማካይ ማለት ነው። የመቐለ መደበኛ ለደብረ ማርቆስ ድርቅ ነው። ከዚህም ሌላ የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ፣ ዝናቡ በሐምሌ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ወርዶ በነሐሴ መጨረሻ ሊጠፋ ይችላል። በወረቀት ላይ ክረምቱ ጥሩ ነበር ይባላል፤ አውድማው ግን ባዶ ነው። የአስር ቀኑና የሳምንቱ ትንበያ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የዝናቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ሥርጭቱን ይከታተላል።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ በሄክታር 10,000 ሊትር ይሆናል። በደንብ ያደገ ሰብል በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ውኃ ሊጠቀም ይችላል። እንግዲህ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ሙሉ በሙሉ አፈር ውስጥ ቢሰርግ እንኳ ከአራትና ከአምስት ቀን አያልፍም። በተዳፋት ላይ ግማሹ በጎርፍ ከሄደ ደግሞ ሁለት ቀን ቢያቆይ ነው። የትግራይ አርሶ አደሮች ጤፍ ሲዘሩ በማረሻ በየአንድ ሜትር ተኩልና ሁለት ሜትር ርቀት የሚያወጡት የ«ተርዋሕ» ቦይ ይህን ኪሳራ የሚቀንስ የቆየ ዘዴ ነው። በዓዲ ጉዶም አቅራቢያ የተደረጉ የመስክ ሙከራዎችም ተርዋሕና ቋሚ መደብ ያለው «ደርደሮ» ጎርፍንና የአፈር መሸርሸርን እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። ተርዋሑ በደለል የተሞላበት ማሳ ካለ አሁንም በእጅ መክፈት ይቻላል።

የሳምንቱ ትንበያ ዝናቡ እንደሚቀጥል ካመለከተ፣ ሥራው እንደ አፈሩ ይለያያል። በዋልካ መሬት ላይ ውኃ መተኛቱ ሰብሉን ስለሚያቢጭ ማጠንፈፊያ ቦዮች መከፈት አለባቸው። ሁለተኛ ዙር ዩሪያ ያልተጨመረበት ጤፍ ካለ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከባድ ዝናብ የማይጠበቅበት ቀን ይመረጥለት፤ ከብርቱ ዝናብ በፊት የተበተነ ማዳበሪያ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። በአካባቢው ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ለጸረ አረም ርጭት ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይሻላል። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲበረታ በስንዴና በሐንፈጽ ላይ ቢጫ ዋግ እንዳይነሳ ቅጠሉን በየሁለት ሦስት ቀኑ ማየት ያስፈልጋል።

ትንበያው ዝናቡ እየሳሳ መሆኑን ካሳየ ግን ቀን መቁጠር ይጀመራል። ኩሬ ያለው ውኃውን የሚያቆየው ጤፉ አበባ ለሚይዝበት ጊዜ ነው፤ 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 40 ሚሊሜትር ያህል ይሰጣል። ለሙሉ ወቅት አይበቃም፤ ክፉውን ሳምንት ግን ያሻግራል። ሰብሉ የከሸፈበት ወይም ጾሙን ያደረ የዋልካ ማሳ ያለው በቀሪው እርጥበት ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ ለመዝራት ጊዜ አለው፤ ዘሩ መታሰብ ያለበት ግን መሬቱ ሳይሰነጠቅ ነው።

እዚህ ላይ የወረዳ አመራሩ ድርሻ ይመጣል። የሰባት ቀን ትንበያ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲሻገር ሦስት ቀን ከፈጀ ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው የአራት ቀን ትንበያ ነው። ደብዳቤ ጠብቆ ከመላክ ይልቅ በስልክ ለልማት ሠራተኛው፣ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ፣ በሬዲዮም በትግርኛ ቢነገር ይፈጥናል። መልእክቱም «ከመደበኛ በታች እርጥበት ይጠበቃል» ከሚል ይልቅ «በዚህ ሳምንት ዝናብ ላይኖር ስለሚችል የኩሬውን ውኃ ለጤፉ አቆዩ» ቢል ይገባል። በየቀበሌው አንድ የዝናብ መለኪያ ቢኖርና በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቢነበብ፣ ኩሓ ላይ የወረደው ዝናብ ዓይናለም ላይ መድረስ አለመድረሱ በግምት አይታለፍም። የክረምት ከሰዓት ደመና አንዱን ጎጥ አርሶ ሌላውን እንደሚዘል ነዋሪው ያውቃል።

ወደ ኩሬ የሚያስገባው ቦይ በደለል የተዘጋበት ቀበሌ ካለ፣ ለጠረጋው የሚቀሩት ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት ያሉት ደረቅ ጠዋቶች ናቸው።