የማድ ቤት መደብ ፊዚክስ፦ ድንጋዩና ጠርዙ በምን ይመረጣሉ?

የከተማ ማድ ቤት ከመሬት ወደ ወገብ ቁመት እየተነሣ ነው። ቀድሞ በጓሮ ተለይቶ ይሠራ የነበረው ማድ ቤት በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሌሎችም የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ከመኖሪያው ክፍል ጎን ቦታ ይዟል። ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ የጋለ ድስት የሚወርድበትና ዕቃ የሚታጠብበት ቦታም በካቢኔት ላይ የተዘረጋ የድንጋይ መደብ ሆኗል። አንድ ቤተሰብ ለዚህ መደብ የሚያወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ከተገጠመ በኋላ ቢሰነጠቅ ወይም ቢበላሽ ደግሞ መንቀሉ ካቢኔቱንም የዕቃ ማጠቢያ ገንዳውንም ይነካል። ይሁን እንጂ ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚደረገው በቀለምና በአንጸባራቂነት ብቻ ነው።

ቀለምና አንጸባራቂነት ስለ ድንጋዩ ጠባይ የሚነግሩን ጥቂት ነው። ከእነርሱ ይልቅ ሦስት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ፦ ድንጋዩ ከምን ማዕድን ተሠራ? ኃይል ሲያርፍበት በየት በኩል ይሳባል? የፈሰሰበት ውሃ በየት በኩል ይወርዳል? መልሳቸው ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አይርቅም። በመጨረሻ ደግሞ ድንጋዩን የሚቆርጠውን ሰው የሚመለከት አራተኛ ጥያቄ እናነሣለን።

ሁለት የድንጋይ ወገኖች

ለማድ ቤት የሚቀርቡ ድንጋዮች ብዙ ስም ቢኖራቸውም በኬሚካዊ ጠባያቸው በሁለት ወገን ሊመደቡ ይችላሉ። አንደኛው የሲሊካ ወገን ሲሆን ግራናይት፣ ባዛልትና የአሸዋ ድንጋይ ይገኙበታል። ሁለተኛው የካርቦኔት ወገን ነው፤ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ከዚህ ይመደባሉ።

ምዕራብ ሸዋ ሁለቱም ወገኖች ያሉበት አገር ነው። በአምቦ ዙሪያ የሚፈለጠውና በአዲስ አበባ የብዙ ሕንፃዎችን ግድግዳ ያለበሰው «የአምቦ ድንጋይ» የኳርትዝ ቅንጣቶች በረጅም ዘመን እርስ በርስ ተጣብቀው የፈጠሩት የአሸዋ ድንጋይ ነው። በአዳበርጋ ወረዳ፣ በሙገር ሸለቆ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ የጀመረው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የተመሠረተበት የኖራ ድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋይ በመሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ እብነ በረድ ይሆናል፤ ከአገራችን ምዕራባዊ ክፍል የሚወጣው የዳለቲ እብነ በረድ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። በብዙ ቤቶች የምናየው ቴራዞም የሲሚንቶና የእብነ በረድ ጠጠር ድብልቅ በመሆኑ በጠባዩ ወደ ካርቦኔት ወገን ያደላል።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የመጀመሪያ ልዩነት የጠጣርነት ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሬድሪክ ሞዝ እ.ኤ.አ. በ1812 ባዘጋጀው መለኪያ መሠረት የእብነ በረድ ዋና ማዕድን የሆነው ካልሳይት 3፣ በግራናይት ውስጥ ያሉት ፌልድስፓርና ኳርትዝ ደግሞ 6 እና 7 ደረጃ አላቸው። የቢላዋ ብረት 5.5 ያህል ነው። ስለሆነም ቢላዋ እብነ በረድን ይጭራል፤ ግራናይትን ግን አይጭርም። እንዲያውም በግራናይት ላይ ሲከተፍ የሚጎዳው ስለቱ ስለሆነ በየትኛውም መደብ ላይ የእንጨት መክተፊያ አይቀርም።

ሁለተኛው ልዩነት በአሲድ ፊት ይታያል። ካልሳይት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው ይሟሟል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ የሚወጣው አረፋና ሎሚ እብነ በረድ ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ጥቃቅን አረፋ የአንድ ጋዝ አረፋዎች ናቸው። የእኛ ማድ ቤት ደግሞ አሲድ የሚበዛበት ነው፦ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ አቼቶ፣ ወይን፣ ከሁሉም በላይ የእንጀራ እርሾ። በተወለወለ እብነ በረድ ላይ አሲድ የነካው ቦታ አንጸባራቂነቱን አጥቶ ይደበዝዛል። ይህ እድፍ ሳይሆን የገጹ መበላት ስለሆነ በሳሙና አይለቅም፤ እንደገና መወልወል ይፈልጋል።

ታዲያ ኳርትዝ ጠጣር ከሆነና ሎሚም ካልጎዳው የአምቦ ድንጋይ ለማድ ቤት ተስማሚ አይሆንምን? እዚህ ላይ የቅንጣቱን ጠባይ ከድንጋዩ ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። የአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቶች ጠጣር ቢሆኑም በመካከላቸው ክፍተት አለ። ጥቃቅኑ ክፍተት የኩራዝ ክር ጋዝን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ፈሳሽን ይስባል። ዘይት፣ የቀለጠ ቅቤ፣ እርድና በርበሬ ከገቡበት ለማውጣት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ለግድግዳ፣ ለአጥርና ለበረንዳ ዕድሜ ጠገብ የሆነው የአምቦ ድንጋይ ለማድ ቤት መደብ ከተፈለገ ቀዳዳውን የሚደፍን ቅብ ሊቀባና ቅቡም በየጊዜው ሊታደስ ይገባዋል።

በሱቅ ውስጥ የሚደረጉ ሦስት ፍተሻዎች

በገበያ «ግራናይት» የሚለው ስም ጂኦሎጂ ከሚሰጠው ትርጉም ሰፍቶ ይነገራል፤ ጠቆር ያለና የተወለወለ ድንጋይ ሁሉ በዚሁ ስም ሊሸጥ ይችላል። ስለሆነም ገዢው ከስሙ ይልቅ ድንጋዩን መጠየቅ ይሻለዋል። ከሻጩ ከዚያው ድንጋይ የተቆረጠ ትርፍራፊ ጠይቆ በሚከተለው መንገድ መፈተን ይቻላል።

1. የውሃ ጠብታ፦ በደረቁ ገጽ ላይ ጠብታ አኑሮ አሥር ደቂቃ መጠበቅ። ሲጠረግ ጠቆር ያለ ቦታ ከታየ ድንጋዩ ይመጣል፤ ዘይትም ይመጣል ማለት ነው።

2. የሎሚ ጠብታ፦ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ታጥቦ ሲደርቅ የደበዘዘ ክብ ካስቀረ ድንጋዩ ካርቦኔት ነው።

3. የቢላዋ ጫፍ፦ በማይታይ ጎን ሲጫር ጭረት ከተወ ጠጣርነቱ ከብረቱ ያነሰ ነው። የብረት ምልክት ብቻ ከቀረበትና በጣት ሲታሽ ከጠፋ ግን የተበላው ቢላዋው ነው።

በጥቁር ግራናይት ላይ የአምቦ ውሃ ፈስሶ ሲደርቅ የሚቀረው ነጭ ምልክት ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ይህ በውሃው ውስጥ የነበረው ማዕድን ዝቃጭ እንጂ የድንጋዩ ጉዳት አይደለም። በግራናይት ላይ ከሆነ በሎሚ ይለቃል፤ በእብነ በረድ ላይ ግን ሎሚው ምልክቱንና ድንጋዩን አብሮ ይበላል።

ድንጋይ ሲሳብ ደካማ ነው

ድንጋይ በመጨመቅ እጅግ ጠንካራ፣ በመሳብ ግን ደካማ ነው። ከ100 ሜጋፓስካል በላይ ጭመቃ የሚችል ግራናይት ሲሳብ የሚችለው የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። መደብ የሚሰነጠቅበትን ምክንያት ለመረዳት ይህን ማስታወስ በቂ ነው።

በመጀመሪያ ሙቀትን እንመልከት። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዘይት የጋለበት መጥበሻ ግን ከ180 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። መጥበሻው ሲቀመጥ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ሊሰፋ ይሻል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ድንጋይ ይከለክለዋል። የጋለው ክፍል ሲጨመቅ ዙሪያው ይሳባል። የዚህ ስበት ከፍተኛ መጠን የያንግ ሞዱለስ፣ የመስፋፋት ኮኤፊሸንትና የሙቀት ልዩነት ብዜት ግማሽ ያህል ነው። ለግራናይት 50 ጊጋፓስካል፣ በዲግሪ 8 ሚሊዮንኛ፣ የ50 ዲግሪም ልዩነት ብንወስድ ውጤቱ 10 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ ይህም ግራናይት ከሚችለው ስበት ወሰን አጠገብ ነው። በአንድ ጊዜ ባይሰነጠቅም በየቀኑ መደጋገሙ ጥቃቅን ስንጥቆችን ያሰፋል። ከድስት በታች የሚቀመጥ የእንጨት ማስቀመጫ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በፋብሪካ ከኳርትዝ ዱቄትና ከፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከሆነማ ማጣበቂያው ራሱ ከ150 ዲግሪ በላይ ሊለበለብ ስለሚችል ጥንቃቄው የግድ ነው።

ቀጥሎ ውፍረትን እንይ። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የአግዳሚ ጥንካሬ ከቁመቱ ካሬ ጋር እንደሚያድግ አሳይቷል። ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ከ2 ሴንቲ ሜትሩ 2.25 እጥፍ ይጠነክራል፤ ክብደቱ ግን በአንድ ካሬ ሜትር ከ54 ወደ 81 ኪሎ ግራም ብቻ ያድጋል። አንዳንዴ የ2 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ከጠርዙ ሥር ሌላ ቁራጭ ተለጥፎበት 4 ሴንቲ ሜትር መስሎ ይታያል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ውፍረቱ ግን የፊቱ ብቻ ስለሆነ ከገንዳው ኋላ ያለውን ቀጭን ክፍል አያጠነክርም።

ይኸው ሕግ በጉዞም ላይ ይሠራል። 2.5 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ በጀርባው ተኝቶ በሁለት ጫፉ ብቻ ቢደገፍ የራሱ ክብደት በሥሩ ገጽ ላይ 6 ሜጋፓስካል ያህል ስበት ይፈጥራል። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይህ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። ሰሌዳው በጎኑ ቢቆም ግን ስበቱ ወደ 0.2 ሜጋፓስካል፣ ማለትም በ30 እጥፍ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ጌዶ ወይም ወደ ባኮ ድንጋይ የሚያስጭን ሰው ሰሌዳው በጎኑ መቆሙን ሳያይ መኪናው እንዲነሣ መፍቀድ የለበትም።

ጠርዝ ለጌጥ ብቻ አይደለም

ጨርቅ የሚቀድ ነጋዴ በመጀመሪያ በመቀስ ትንሽ ይሰነጥቅና የቀረውን በእጁ ይተረትረዋል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ኃይሉ ስለሚጠራቀም ነው። በመደብ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ለገንዳው የሚቆረጠው ቀዳዳ ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ በሹሉ ከተቆረጠ፣ ይልቁንም መጋዙ ከመስመሩ አልፎ ከገባ፣ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ማዕዘኑ ቢያንስ የአንድ ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ እንዲኖረው ማዘዝ ተገቢ ነው፤ ይህም በቅድሚያ በየማዕዘኑ ክብ ቀዳዳ በመብሳት ይሠራል።

የፊቱ ጠርዝ በሦስት ዓይነት ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። ሹል ጠርዝ በመልኩ ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን በጫፉ ላይ ድስት ሲጋጭ ከኋላው የሚደግፈው ድንጋይ ጥቂት ስለሆነ ይሸረፋል፤ ለሚሯሯጥ ሕፃን ግንባርም አደገኛ ነው። ጫፉ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሰያፍ የተቀነሰ ጠርዝ ከዚህ ይሻላል፤ ዋጋውም ብዙ አይጨምርም። ሦስተኛው ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ የከበበው ጠርዝ ሲሆን መሸረፍን በሚገባ ይቋቋማል፤ የራሱ ችግር ግን አለው።

ከጀበና ቡና በዝግታ ሲቀዳ ቡናው ከአፉ ሳይላቀቅ ወደ ጀበናው አንገት ይወርዳል። ቀስ ብሎ የሚፈስ ፈሳሽ ከከበበ ገጽ ጋር ተጣብቆ ይዞራልና ነው። ሙሉ በሙሉ በከበበ ጠርዝ ላይ የፈሰሰ ውሃም እንዲሁ ዞሮ ከመደቡ ሥር ይገባል፣ ካቢኔቱንም ይነካል፤ ካቢኔቱ ከቺፕውድ ከተሠራ ያብጣል። መፍትሔው የላይኛውን ጫፍ አክብቦ የታችኛውን ሹል አድርጎ መተውና ከሥሩ፣ ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ መቅደድ ነው። ውሃው ቦዩን መሻገር ስለማይችል ይንጠባጠባል። ጥሩ ግንበኛ በመስኮት ደፍ ሥር የሚያወጣው ቦይ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

የቆራጩ ሳንባ

እስከ አሁን ያየነው ለገዢው የሚጠቅመውን ነው። የሲሊካ ወገን ድንጋዮች ለማድ ቤት መልካም የሆኑበት ኳርትዝ ለሚቆርጣቸው ሰው ግን አደጋ ነው። ድንጋይ በደረቁ ሲቆረጥ ከሚነሣው አቧራ ውስጥ እጅግ አደገኛው የማይታየው ነው። 2 ማይክሮን ስፋት ያላት የኳርትዝ ቅንጣት በስቶክስ ሕግ መሠረት በሰከንድ የምትወርደው 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በረጋ አየር ከአፍንጫ ቁመት ወደ መሬት ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። ሠራተኛው መጋዙን አጥፍቶ ምሳውን ሲበላ ገና ይተነፍሳታል። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የገባው ሲሊካ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል፤ ለሳንባ ነቀርሳ የመጋለጥ ዕድልንም ይጨምራል። አውስትራሊያ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊይዝ የሚችለውን ሰው ሠራሽ የኳርትዝ ሰሌዳ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለችው በወጣት ቆራጮች ላይ በደረሰው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው።

የአምቦ ድንጋይም ግራናይትም ሲቆረጡ ይህ አደጋ አለ። መከላከያው በመጋዙ ላይ ያለማቋረጥ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ውሃው አቧራውን ገና ሳይነሣ ይይዘዋል። በአፍ ላይ የሚታሰር ሻርፕ ጥቃቅኑን ቅንጣት አያግድም፤ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ያስፈልጋል። ገዢው በቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ድንጋይ ሲያስቆርጥ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ረዳት ማቅረብ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው፤ ሥራውም በደረቅ እንዳይጀመር መከልከል የእርሱ ድርሻ ነው።

ባጭሩ፣ ሎሚና እርሾ ለሚበዛበት ማድ ቤት ፍተሻውን ያለፈ ግራናይት ወይም ባዛልት ይመረጣል፤ እብነ በረድ የሚወድ ሰው መደብዘዙን አውቆ ይግዛ፤ አቅም ለሚያንሰው በጥንቃቄ የተሠራና ቀዳዳው በቅብ የተደፈነ ቴራዞ የሚናቅ አይደለም። ተማሪዎችም ይህን በላቦራቶሪ ሊመረምሩት ይችላሉ። ከድንጋይ ቆራጮች ዘንድ የተጣሉ ቁርጥራጮችን ሰብስባችሁ በደረቁ መዝኑ፤ ለ24 ሰዓት በውሃ ነክራችሁ ገጻቸውን ከጠረጋችሁ በኋላ እንደገና መዝኑ። የክብደቱ ጭማሪ ለደረቁ ክብደት ሲካፈል የሚገኘው መቶኛ ከየትኛው ድንጋይ ላይ ወጥ ቢፈስ እንደሚያስጨንቅ በቁጥር ይነግራችኋል።