ሸራ ማልበስና ሸራ ማሰር

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ጋቢውን ይደርባል። ብርድ ሲመጣ ይከናነባል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠለላል። በክፍት መኪና ላይ የተጫነ ሞተር ግን ራሱን መከናነብ አይችልም። ያለበሱትን ለብሶ፣ እንዳሰሩት ታስሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሞተር በምንጭንበት ጊዜ አሸፋፈኑን ማወቅ አለብን። ይህን የምንለው በወሬ ሰምተን አይደለም። ከኪሳችን ከፍለን ነው የተማርነው።

የምንኖረው በደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ደጋ ነው። በአካባቢያችን ወፍጮ አልነበረም። እናቶቻችንና እኅቶቻችን እህሉን በአህያ ጭነው፣ አህያ የሌላት በጀርባዋ አዝላ፣ ግማሽ ቀን ተጉዘው ያስፈጩ ነበር። ወረፋው ሲረዝም እዚያው ያድራሉ። ይህ ነገር ይብቃ ብለን ገንዘብ አዋጣን። በግ የሸጠ አለ፤ ገብስ የሸጠ አለ። በናፍጣ የሚሠራ የወፍጮ ሞተር ከአዲስ አበባ ገዝተን በክፍት አይሱዙ አስጫንን።

ጊዜው ሰኔ ነበር። ሞተሩን በስስ ላስቲክ ሸፈንነው፤ ወገቡን በአንድ ገመድ አሰርነው። «ተሸፍኗል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?» አልን። ጣርማ በር ላይ ስንደርስ ንፋሱ ላስቲኩን ያራግበው ጀመር። ደሴን አልፈን ጉጉፍቱ ስንደርስ ላስቲኩ ተቀዶ ነበር። ከዚያ እስከ አቀስታ ዝናቡ አልተወንም።

መንደራችን ስንገባ በእልልታ ተቀበሉን። ሞተሩን በደስታ ተከልነው፤ ጎረምሶቹም እጀታውን በኃይል አዞሩት። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ አለና ቀጥ አለ። መካኒክ መጥቶ ሲከፍተው ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ተገኘ። ውኃው የገባው ወደ ላይ ተከፍቶ በቀረው የጭስ ማውጫ በኩል ነው። አየር ሲጨመቅ ይታመቃል፤ ውኃ ግን አይታመቅም። ስለዚህ ፒስተኑ ከውኃው ጋር ሲጋጭ የሚገፋው ዘንግ ጎበጠ። ሞተሩ ለጥገና ወደ ደሴ ተመለሰ። እናቶቻችንም እስከ ኅዳር ድረስ ያንኑ የግማሽ ቀን መንገድ ሲመላለሱ ከረሙ።

ለመሆኑ በመንገድ ላይ ሞተርን የሚጎዱት ነገሮች ምንድን ናቸው? አራት ናቸው።

አንደኛው ንፋስ ነው። የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ዝም ያለ ላስቲክ በ60 ኪሎ ሜትር የሚቀደደው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ውኃ ነው። ያደረገውን አይተናል። ሦስተኛው አቧራ ነው። አቧራ ወደ ሲሊንደር ከገባ ብረቱን ይፍቀዋል። በሚርገበገብ ሸራና በሞተሩ መካከል ከገባ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ቀለሙን ይልጠዋል፤ ቀለሙ የተላጠ ብረት ይዝጋል። ስለዚህ ልል ሸራ ራሱ ጉዳት ያደርሳል።

አራተኛው ላብ ነው። «ብረት ያልበዋል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እንጀራ ስንጋግር አክንባሎውን እናስታውስ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ከአክንባሎው ሥር ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ይህን ይሠራል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ብርድ ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ግድም ነው፤ ሙቀት ነው። በብርድ የቀዘቀዘ ብረት እርጥበት ወዳለው ሙቅ አየር ሲገባ ያልበዋል። ዙሪያውን በላስቲክ ታፍኖ ከሆነ ላቡ አይደርቅም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በካናዳ ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን ሰዎች በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ይጓዛሉ። ከፊቱ መንሸራተቻ፣ ከኋላው እንደ ትራክተር ሰንሰለት የሚዞር የጎማ ቀበቶ አለው። በ1959 እ.ኤ.አ. ቦምባርዲየር የሚባለው የካናዳ ፋብሪካ ስኪዱ የተባለውን ለገበያ ካወጣ ወዲህ በብዙ ሰው እጅ ገባ። ይህን ሞተር ሩቅ ቦታ የሚያደርሱት በክፍት ተጎታች ጭነው ነው። እዚያ አገር በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጎማ የሚረጨው ጨዋማ ውኃ ብረት ይበላል፤ ጠጠሩም መስተዋት ይሰብራል። ስለዚህ እነሱም በልኩ የተሰፋ ሸራ አልብሰው ጠበቅ አድርገው ያስራሉ።

ሞተራችን ተጠግኖ ከደሴ ሲመለስ እንዲህ አደረግን።

1ኛ. ከሁሉ በፊት ቀዳዳዎቹን ደፈንን። የጭስ ማውጫውን፣ የአየር መሳቢያውንና የናፍጣ መጨመሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ዘግተን፣ በላዩ ላስቲክ አልብሰን በሲባጎ አሰርን።

2ኛ. ሞተሩን ራሱን ከመኪናው ወለል ጋር ለብቻው አሰርን። የሞተሩ ገመድና የሸራው ገመድ የተለያዩ መሆን አለባቸው።

3ኛ. ሹል ሹሉን በአሮጌ ጆንያ ጠቀለልን፤ አለዚያ ሸራውን ይበሳዋል።

4ኛ. በላስቲክ ፋንታ ወፍራም የጥጥ ሸራ አለበስን። እንዲህ ያለው ሸራ ዝናብ ይከላከላል፤ ጥቂት አየርም ያሳልፋል። የፊቱን ጠርዝ ከሞተሩ ሥር አጥፈን አስገባን። ከኋላ በታች በኩል ላቡ የሚወጣበት ትንሽ ክፍተት ተውን።

5ኛ. ሸራውን ከላይም ከታችም፣ እንዲሁም በመስቀለኛ አሰርን። የቃጫ ገመድ ሲርስ ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ይላላል። ስለዚህ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቀደደ ማሰሪያ ጨመርንበት። እሱ እየተሳበ ውጥረቱን ይጠብቃል።

6ኛ. ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ቆመን ገመዱን አየን። ላልቶ ነበር፤ አጠበቅነው። ከዚያም ሹፌሩ በቆመ ቁጥር ረዳቱ ወርዶ ይዳስስ ነበር።

7ኛ. ስንደርስ ሸራውን ወዲያው ገፈን ሞተሩን አናፈስን።

አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ቀዳዳ የደፈነ ጨርቅ ሳይወጣ ሞተር ቢነሣ ሌላ ጥፋት ይመጣል። ስለዚህ ወረቀት ላይ «ሦስት ጨርቅ አለ። ሳይወጣ አታስነሡ።» ብለን ጽፈን ከማስነሻው እጀታ ጋር አሰርነው።

በኅዳር አቧራ ያንን ሁሉ መንገድ አልፈን ስንደርስ ሸራው ከላዩ አመድ መስሎ ነበር። ስንገልጠው ሞተሩ ደረቅና ንጹሕ ነው። ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው እጀታውን ሊያዞሩ ተንደረደሩ። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠሩ አንዲት እናት ግን ወረቀቱን አይተው «ቆይ፣ ቆይ! ሦስት ጨርቅ ይላል» አሉ። ጨርቆቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጥረው አወጡ። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን ቁና ገብስ ያስፈጩትም እሳቸው ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሸራና ገመድ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ዘንግ ጥገና ጋር አይወዳደርም። የግማሽ ቀኑ መንገድማ ዋጋም የለው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልል ሸራ ሞተርን እንዴት ይጎዳል?
2. በላስቲክ የታፈነ ብረት ለምን ያልበዋል?
3. በአካባቢያችሁ በክፍት መኪና የሚመጣ ምን ዓይነት ዕቃ አለ? እንዴት ትሸፍኑታላችሁ?