የመጀመሪያው ሴሚስተር ምዝገባ፦ ከመናኸሪያ እስከ ስሊፕ

እንደሚታወቀው አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር ከመካከላችን የተወሰንነው ባጅ አንጠልጥለን አቀባበል ላይ እንቆማለን። ሻንጣ እንሸከማለን፣ ብሎክ እናሳያለን፣ «ሬጅስትራር የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ መልስ እንሰጣለን። እኔም እንዲህ ስቆም አንድ ነገር አስተውያለሁ። ብዙው ፍሬሽ ዶርም ካገኘና የምግብ ካርድ ከያዘ «በቃ፣ ተመዘገብኩ» ብሎ ይተኛል። ግን ገና አልተመዘገበም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ምዝገባ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የአጎቴ ልጅ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የገጠመውን ልንገራችሁ። የገባ ዕለት ዶርም ተሰጠው፣ ፍራሽ ወሰደ፣ ካፌ በላ። በማግስቱ ለኮርስ ምዝገባ ተሰልፎ ሳለ ፎቶ ጎደለውና ፎቶ ቤት ሄደ። ሲመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። «ነገ እጨርሰዋለሁ» አለ፤ ነገ ደግሞ ክፍል ተጀመረ። ክፍል ገባ፣ ሚድ ተፈተነ፣ አሳይመንት አስገባ፣ መምህራኑም ፊቱን ለመዱት። ፋይናል ሲደርስ ግን ከሬጅስትራር በመጣው ዝርዝር ላይ ስሙ የለም። የሠራው ሁሉ የሚሰፍርበት ቦታ አጣ። አባቱ ቡና ሸጠው የላኩት ልጅ አንድ ዓመት ቤት ቁጭ ብሎ ከታናናሾቹ ጋር እንደገና ጀመረ። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ እሱም አይክድም። ግን አንድ ሲኒየር «ስሊፕህን አሳየኝ» ብሎት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደ ሂደቱ እንግባ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚመጣው ተማሪ መሰናዶን ጨርሶ፣ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የሙያ ትምህርቱን የሚማር ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል። ስለዚህ የዛሬ አዲስ ተማሪ የእኔ የሚለው ትምህርት ክፍል የለውም፤ የሚያውቀው የሬጅስትራር ዝርዝር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ለውጥ መጣ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ የሬሜዲያል ፕሮግራም ተከፈተ። ፍሬሽማንና ሬሜዲያል የሚመዘገቡት በተለያየ ዝርዝር ነው። አንድ ልጅ ስሙን ቦርድ ላይ አጥቶ ሲደነግጥ ብታዩ «ፍሬሽማን ነህ ወይስ ሬሜዲያል?» ብላችሁ ጠይቁት። ግማሹ ድንጋጤ እዚያው ያልቃል።

ምዝገባ የሚጀምረው ከቤት ነው። ምደባውን የሚሰጠው ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ የመግቢያውን ቀንና ቦታ የሚያሳውቀው ዩኒቨርሲቲው ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ሁለት ከተማ የያዘ ስለሆነ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሚዛን የወረደ ልጅ፣ የተጠራው ቴፒ ግቢ ከሆነ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ሻንጣ ይዞ፣ በምሽት፣ አገሩን ሳያውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሚጠየቀው «የትኛው ግቢ?» የሚለው ነው።

ለአካባቢያችን ልጆች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የመግቢያው ቀን አንዳንዴ ከቡና ለቀማ ጋር ይገጥማል። የትራንስፖርቱና የብርድ ልብሱ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያው ከለቀማው ነውና ልጁ «ሁለት ቀን ለቅሜ ልሂድ» ይላል። ሐሳቡን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ ያለው ቀን ቡናውን አይጠብቅም። ዘግይቶ በቅጣት መመዝገብ ቢፈቀድ እንኳ ለጥቂት ቀናት ነው፣ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ጎረቤትም ሆነ ዘመድ ገንዘብ ሊያበድር ይችላል፤ ያለፈ ቀን ግን የሚያበድር የለም።

ሰነድን በተመለከተ ዘወትር የሚጠየቁት የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ዋናውና ኮፒው፣ እንዲሁም ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የፋይዳ መታወቂያም እየተጠየቀ ነው። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ከቤት ይመጣሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ በሙሉ በፌስታል ይጠቅለል። የእኛ አገር ዝናብ ወቅት አይመርጥም፣ ከመናኸሪያ እስከ ግቢ በር ድረስ ብቻ ስንቱን ማኅተም አጥቧል።

ከሰነዱ ሁሉ በላይ ግን ስምን እዩ። ስም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ለምሳሌ «ኃይሉ» የሚለው የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ላይ በ«አይ»፣ ሌላው ላይ በ«ዋይ» ይጻፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት። በዚህ አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ቤንችኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ፊደል በቀላሉ የማይያዙ ድምፆችም አሉት። አንዱ መምህር በሰማው መንገድ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሌላ። ልጁ 8ኛ ክፍል ላይ አንድ ስም፣ 12ኛ ክፍል ላይ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። መፍትሔው ከቤት ሳይወጡ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማወዳደር ነው። ልዩነት ካለ ለተማረበት ትምህርት ቤት አመልክቶ ማስተካከል ወይም በደብዳቤ ማረጋገጫ መያዝ ይሻላል። ከቤት ሁለት ሰዓት የሚወስደው ጉዳይ ምረቃ ላይ ሲገኝ ወራት ይፈጃል።

ግቢ ከደረሱ በኋላ መንገዱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ስም በዝርዝሩ ላይ ይፈለጋል፣ ሰነድ ይመረመራል፣ የመታወቂያ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ቁጥር እስከ ምረቃ አብሮን የሚኖር ነውና በቃል መያዝ ይገባል። ቀጥሎ የዶርም ምደባ፣ ቁልፍና ፍራሽ አለ፤ የተረከቡትን ዕቃ ቆጥሮ መፈረም ያስፈልጋል፣ ሲወጡ ክሊራንስ ላይ ይጠየቃልና። ከዚያ የምግብ ካርድ ይመጣል።

ቀጥሎ የወጪ መጋራት ውል አለ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የተጀመረ ነው። ሐሳቡ ተማሪው የምግቡን፣ የመኝታውንና ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ከተመረቀ በኋላ ሥራ ይዞ እንዲመልስ ነው። ብዙ ፍሬሽ ሳያነብ ይፈርማል። በዕድሜው የመጀመሪያው የብድር ውል መሆኑን እንኳ ልብ አይለውም። ምግብ በካፌ ወይስ በገንዘብ የሚለው ምርጫ እዚህ ላይ ስለሚሞላ፣ ያልመረጡት ነገር ዕዳ ሆኖ እንዳይጻፍ ቅጹን ማንበብ፣ ኮፒ ማስቀረትም ያስፈልጋል። ከምረቃ በኋላ ማስረጃ ሲጠየቅ ይህ ወረቀት ተመልሶ ይመጣል።

የመጨረሻው የኮርስ ምዝገባ ነው። ፍሬሽማን ኮርስ አይመርጥም፣ ሴክሽን ተመድቦለት የተዘጋጀውን ይወስዳል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ማቲማቲክስ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ፊዚካል ፊትነስ፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ደግሞ ፊዚክስ ናቸው። «ካልመረጥኩ ምን ልመዘገብ?» የሚል አለ። መልሱ ቀላል ነው፤ መምህሩ ውጤት የሚሞላው በስሙ በተመዘገበ ኮርስ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሊፑ እጅ ሲገባ አራት ነገር ይታያል፦ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የኮርሶቹ ዝርዝርና የክሬዲቱ ድምር። አንድ ኮርስ ከጎደለ በዚያው ሳምንት ተመልሶ ማሳረም ነው። ዝርዝሩ ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ከሆነም በገዛ ዓይን ገብቶ ማየት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ትምህርት ማቋረጥ የግድ ከሆነ የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልቶ መሄድ ነው። ሞልቶ የሄደ የሚመለስበት መንገድ አለው። ዝም ብሎ የጠፋ ግን ሲመለስ ማስረዳት ይከብደዋል። «ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው የቀሩ ጎበዞች አሉ።

ይህ ሁሉ ለትምህርት ክፍላችን ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። ፍሬሹ ነገ ትምህርት ክፍል ሲመርጥ የሚወዳደረው በዚሁ በፍሬሽማን ውጤቱ ነው። ውጤቱ ያልተመዘገበለት ልጅ የእኛ በር ድረስ አይደርስም፤ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ የምናውቅበት መንገድም የለም። ስለዚህ ዘንድሮ አቀባበል ላይ የምትቆሙ ጓደኞቼ፣ ሻንጣውን ዶርም ካደረሳችሁለት በኋላ እዚያ አትተዉት። በሦስተኛው ቀን ካፌ በር ላይ ስታገኙት «ምግቡ እንዴት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ስሊፕህን አሳየኝ» በሉት። ካላሳያችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

መልካም የትምህርት ዘመን!